ዳገት ላይ የምትቆም ባለ ሦስት ጎማ

ቤት ውስጥ የወጣልኝ ስም «ወይዘሮ ለምን» ነው። ያወጣችልኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ ልጅ ሆኜ የግድግዳውን ሰዓት ፈታትቼ መልሼ መግጠም ያቃተኝ ቀን። ዛሬ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፣ ጠባዬ ግን ያው ነው። አንድ ነገር ለምን እንደሚሆን ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ከገባኝ ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲገባው ካላደረግሁ አላርፍም። ተማሪዎቼ ችለውኛል። ዘመዶቼ ግን ሲያዩኝ ወንበራቸውን ትንሽ ፈቀቅ ያደርጋሉ።

እትዬ፣ ማለትም እህቴ፣ የዚህ ተቃራኒ ናት። አትጠይቅም፤ ትሠራለች። እናታችን በጊዜ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ዛሬም የምንኖረው በአንድ ግቢ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር በጋራ የያዘችው ትንሽ ሱቅ አላት፤ ነጠላና ጋቢ ይሸጣሉ። ጥለቱን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ የየትኛው ሸማኔ እጅ እንደሆነ ትነግርሃለች፤ እንዴት እንዳወቀች ብትጠይቃት ግን «እንዴ፣ ይታወቃላ!» ብላ ትስቅብሃለች።

ከፋሲካ በኋላ ጉልበቷን ታመመች። ሐኪሙ ዳገት በእግሯ መውጣት እንድትቀንስ፣ ቁጭ ብላ ግን እንዳትቀር ነገራት። «ብስክሌት ጥሩ ነው፤ ለጉልበት ይስማማል» አላት። ከክፍሉ ስትወጣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ እየሳቀች ነበር። «ብስክሌት አለኝ፣ አንቺ! በዚህ ዕድሜዬ!»

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ጉለሌ ውስጥ ዳገት ሳይወጡ ወይም ቁልቁለት ሳይወርዱ የሚደረስበት ቦታ የለም። ሚኒባሱም ቢሆን መውጫው ከፍ ይላል፣ ከኋላ የሚገፋው ሕዝብ ደግሞ ለሰው ጉልበት አያዝንም። ስለዚህ እትዬ ክረምቱን ቤት ከረመች። በመጀመሪያ ማታ ማታ ጓደኛዋ ጋ እየደወለች ምን እንደተሸጠ ትጠይቅ ነበር። ከዚያ ቀን እየዘለለች ትደውል ጀመር። መስከረም ሲጠባ ጭራሽ ተወችው። ጓደኛዋ አንድ እሑድ ልትጠይቃት መጥታ እያፈረች የልቧን ተናገረች። ለብቻዋ አልቻለችም፤ የገና ገበያ ሳይደርስ እትዬ ካልተመለሰች የራሷን እህት ልጅ በቦታዋ ታስገባለች።

«ልልቀቀው መሰለኝ» አለችኝ እትዬ፣ እንግዳዋ እንደወጣች። እንደ ዋዛ ነበር የተናገረችው፤ እጇ ላይ ያለውን ነጠላ ግን አንዴ አጥፋ ዘርግታ እንደገና ታጥፈው ነበር። እኔን ያስፈራኝ የጉልበቷ ነገር አልነበረም። ቤት መልመዷ ነበር። ከሰፈራችን እንደ እሷ «ትንሽ ልረፍ» ብለው ቤት የቀሩ ሴቶችን አውቃለሁ፤ ከሰው ጋር የሚያገናኛቸው ለቅሶ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ የሐኪሙን ነገር አነሳሁባት። መንገዱ ከታደሰ ወዲህ በዳሩ ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው፤ ባትሪ ኖሯቸው ዳገት ላይ የሚያግዙ ብስክሌቶችም መጥተዋል።

«ሰው ምን ይለኛል?» አለች።

«ምን እንደሚል ሄደን እንስማዋ።»

ከጎረቤት አንዲት የሴት ብስክሌት ተዋስኩ። ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ለጥ ያለ ሜዳ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ እዚያ መሄድ ጀመርን። የእትዬ ፍርሃት በቃል አይነገርም። መሪውን የምትጨብጠው እንዳያመልጣት አንገቱን ያነቀችው ዶሮ ይመስል ነበር። እኔ ከኋላ መቀመጫውን ይዤ እሮጣለሁ፤ እሷ «እንዳትለቂኝ! ለቀሽኛል እንዴ? ለቃኛለች!» እያለች ትጮኻለች። እንደዚያ እየጮኸች አንድ ቀን በእውነት ለቀቅኳት። ሜዳውን ዞራ እስክትመለስ ድረስ አላወቀችም።

እንግዲህ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን እየነዳች እንድትሄድ ነገርኳትና እኔ እንደልማዴ መቀመጫውን በአንድ እጄ ይዤ ተከተልኳት። ዓይኔ ጎማው ላይ ነው፤ ምክንያቱም እንዲህ በዝግታ ሲሄድ ጎማው ለምን ወዲያና ወዲህ እንደሚል ሁልጊዜ ይገርመኛል። የቤተ ክርስቲያኑ በር አካባቢ ስንደርስ መሪው ድንገት ተጠመዘዘና እትዬ በቀኝ በኩል አፈሩ ላይ ወደቀች። አልተጎዳችም፤ ቀሚሷ ብቻ አቧራ ለበሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳው ላይ እንደ ወፍ በረረች። ስንመለስ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው በቀኝ በኩል ወደቀች። በሦስተኛውም እንዲሁ።

እኔ እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመኝ ረሃብም አይሰማኝም። ለምን እዚያ? ለምን በቀኝ? አስፋልቱ ያዘነብላል ብዬ ጠረጠርኩ። ብቻዬን ተመልሼ ሄጄ የውኃ ጠርሙስ መንገዱ ላይ አጋድሜ ወዴት እንደሚንከባለል አየሁ። አንድ አዛውንት ቆመው «ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ። «አስፋልቱ ወዴት እንደሚያዘነብል እያየሁ ነው» አልኳቸው። ጥቂት አዩኝና «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብለውኝ አለፉ። ጠርሙሱ ወደ ግራ ነበር የተንከባለለው። እሷ የምትወድቀው ወደ ቀኝ ነው። ተናደድኩ። ፍሬኑን ፈታሁ፣ መሪውን አጠበቅሁ፣ ጎሚስታ ጋ ወስጄ ጎማውን አስነፋሁ። ምንም የለበትም።

እትዬ ግን ምክንያቱን ማወቅ አልፈለገችም። መውደቅ ብቻ ነው የሰለቻት። «ተይኝ በቃ፤ ሁለት ጎማ ለእኔ አልተፈጠረም» አለች። ጎረቤታችን ብስክሌቱን ስመልስለት «ታዲያ የማትወድቀዋን ለምን አትይዙም? ባለ ሦስት ጎማ አለች እኮ» አለኝ። ቀጨኔ መውረጃው ላይ ብስክሌት የሚሸጥና የሚያከራይ ሰው እንዳለም ነገረኝ።

ሄድን። ሰውየው ጎልማሳ ነው፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ግራሶ። በሩ ላይ ባትሪ ያላቸውን ባለ ሦስት ጎማዎች አሰልፏል። አንዷ ሁለት ጎማ ከፊት ሆኖ በመካከሉ ትልቅ ሳጥን ያላት የዳቦ ማመላለሻ ናት። አንዷ ሁለት ጎማ ከኋላ ያላት፣ ቀይ፣ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ ቅርጫት የተገጠመላት። ሦስተኛዋ አመድማ ቀለም ያላት፣ ሰው የተገለገለባት አሮጌ ናት፤ እሷን ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

«እስቲ መጀመሪያ እኔ» አልኩ። በወጣትነቴ ብስክሌት ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሁለት ጎማ የቻለ ሦስት ያቅተዋል ብዬ አላሰብኩም። ቀይዋ ላይ ወጣሁ፣ ፔዳሉን መታሁ፣ ወደ ግራ ለመታጠፍ እንደለመድኩት ሰውነቴን ዘንበል አደረግሁ። ብስክሌቷ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ የሱቁን ግድግዳ ሳመችው። እንደገና ሞከርኩ። እንደገና ግድግዳው።

«መምህርት፣ ይቺ በሰውነት አትታጠፍም፤ በእጅ ነው» አለኝ፣ ሥራዬን ከእትዬ የሰማው ሰውዬ ሳቁን ይዞ። «ሁለት ጎማ የለመደ ሰው መጀመሪያ ሁሌም ይጋጫል። ያልለመደ ነው ቶሎ የሚይዛት።»

ይህ ደስ አለኝ። እውነትም ልክ ነው፤ ሁለት ጎማ ላይ የምንታጠፈው በክብደታችን ነው፣ ሦስት ጎማ ግን መሬቱን ቆንጥጣ ስለያዘች ማዘንበልን አትሰማም። ይህን ለእትዬ ላስረዳ አፌን ስከፍት እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ወጥታ ነበር። መሪውን ወደ ግራ አዞረችው፤ ወደ ግራ ሄደች። ወደ ቀኝ አዞረችው፤ ወደ ቀኝ ሄደች። በሩ ላይ ዞራ መጥታ ፊቴ ቆመች። «ወይዘሮ ለምን፣ ምኑ ነው የከበደሽ?» አለችና ሳቀች። ከሚያዝያ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። በዚያ ሳቅ ምክንያት ቀይዋን ለአንድ ጠዋት ተከራየናት።

ሜዳ አላስፈለገንም። በቀጥታ መንገድ ወጣን። ባትሪዋ ዳገቱን እያገዛት፣ እትዬ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እኔ በጎኗ እየተራመድኩ። ሰው ያያታል፤ እሷም የሚያያትን ሁሉ አንገቷን ዝቅ እያደረገች ሰላም ትላለች። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንቃረብ ዓይኔ እንደገና ጎማው ላይ ተተከለ። ይህቺ ቦታ ናት። ዛሬ ምን ልትሆን ነው? እትዬ በሩ ፊት ለፊት ስትደርስ ፍሬን ይዛ በጸጥታ ቆመች። «ጎበዝ!» ልል ነው።

ከዚያ ሁለት እጆቿን ከመሪው ላይ አነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ አማተበች፣ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ደፋች፣ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ብስክሌቷም ዳገት ላይ ያለች ናትና ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ቀስ ብላ፣ በክብር። እትዬ እየሰገደች ወደ ኋላ ትሄዳለች። «እማማ፣ ፍሬን! ፍሬን!» የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው ተነሳ፤ እሷ ግን አቡነ ዘበሰማያት ላይ ነበረች፣ አትሰማም። እኔ ሮጬ ቅርጫቱን ያዝኩ፤ ያዝኩ ስል ተጎተትኩ እንጂ አላቆምኳትም። ያቆማት መንገድ ዳር የነበረ አንድ ጆንያ ድንች ነው። እትዬ ዓይኗን ስትገልጥ በሩ ርቋታል።

ማንም አልተጎዳም። የድንቹ ባለቤት እንኳ «እንኳን አተረፈሽ» ብላ ውኃ ሰጠቻት። ሰው ሁሉ ከበበን፤ አንዱ ይመክራል፣ አንዱ ይስቃል። እትዬ ግን ብርጭቆውን እንደያዘች ብስክሌቷን ታይ ነበር። «ቆማም አትቆይልኝም» አለች። «በቃ። ለልጅቷ ትስጣት። ሱቁን ለእህቷ ልጅ ትስጣት።» እንባዋ ብርጭቆው ውስጥ ጠብ አለ።

ከጎኗ ተቀምጬ ሳለሁ ነው የበራልኝ። ትዳር ስይዝ የባለቤቴን ቤተ ክርስቲያን ተከትዬ ጴንጤ ሆኛለሁ። በዚያ ጊዜ በቤታችን ብዙ ተባብለናል፤ ከዚያ ወዲህ እትዬና እኔ ስለዚህ ነገር ላለመነጋገር ሳንማማል ተስማምተናል። በዚያ በር ፊት በቀን ሁለት ጊዜ ለዓመታት አልፌያለሁ፤ ቀና ብዬ ሳላየው። ሰው እዚያ ሲደርስ እንደሚሳለም የማላውቅ ሆኜ አይደለም። የሚያውቀው ዓይኔ ግን አርፎ ኖሯል። ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ አስፋልቱን መርምሬ የእህቴን እጅ አላየሁም።

«እትዬ፣ ሜዳው ላይ ወድቀሽ ታውቂያለሽ?»

«የለም።»

«እዚህ ስትደርሺ ቀኝ እጅሽን ትለቂያለሽ። ለማማተብ።»

«እኔ?» እጇን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየችው። «እ... እንዴ! ታዲያ ሳልሳለም ልለፍ?»

«በልብሽ ብትሳለሚስ? አንገት ብቻ ዝቅ አድርጎ ማለፍ...»

«እናንተ ዘንድ በልብ ይበቃ ይሆናል» አለች። ከእንባዋ መካከል ዓይኗ ትንሽ ፈገግ አለ። «እኔ ቆሜ ነው የማውቀው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልቆም አልፌ አላውቅም። ቀኔን ሳልሳለም ብጀምር ደግሞ ሱቁ ስደርስ ቀኑ አይቀናኝም።»

ክርክሩ እዚያ አለቀ፤ እኔም አልገፋሁም። ምክንያቱም ጥያቄው ተለውጦብኝ ነበር። እስከዚያ ድረስ የምፈልገው የምትሄድ ብስክሌት ነበር። እትዬ የምትፈልገው ግን የምትቆም ነው። ዳገት ላይ፣ ሁለት እጅ ተለቆ፣ ዓይን ተጨፍኖ፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ።

ብስክሌቷን እየገፋን ወደ ሰውየው ተመለስን። «ከእነዚህ መካከል ዳገት ላይ ሳይይዟት የምትቆም የትኛዋ ናት?» አልኩት።

ግራ ገባው። «ሰው የሚጠይቀኝ ባትሪዋ ምን ያህል ያስኬዳል፣ ምን ያህል ትፈጥናለች ብሎ ነው» አለ። ግን አሰበና ወደ አመድማዋ ሄደ። ፍሬኗን ጨብጦ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ምላስ በአውራ ጣቱ ገፋት፤ ቀጭ አለች። «እንደ መኪና የእጅ ፍሬን ማለት ነው። እስክትለቂያት አትነቃነቅም።» ሱቁ ፊት ያለው መንገድ ዘቅዘቅ ያለ ቁልቁለት ነው። እዚያ አወጣት፣ ተቀመጠባት፣ ፍሬኗን ቆለፈና እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ወደ ሰማይ አየ። አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ከኋላ ጎተትኳት። አልተንቀሳቀሰችም። ከፊት ገፋኋት። ሰውየው «ኧረ መምህርት፣ እኔ ላይ ነው የምትፈትሺው» አለ።

ቀሪው የእትዬ ሥራ ነበር። አመድማዋን ልክ እንደ ጋቢ ዞራ መረመረቻት። የኋላውን ስፋት ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ በክንዷ ለካች፤ የግቢያችን በር ስንት ክንድ እንደሆነ ታውቃለችና ታልፋለች አለች። ነጠላዋን ለብሳ ተቀመጠችና ዘርፉን ሆን ብላ ለቀቀችው፤ ጎማዎቹ በላያቸው ክዳን ስላላቸው አልያዙትም። የቀይዋ ጎማ ክዳን አልነበረውም፤ ያን ጠዋት እኔ አላስተዋልኩም እንጂ እሷ ዘርፏን ጭኗ ሥር ደብቃ ነበር የነዳችው። እግሯን ሳታነሳ የምትገባበት ዝቅ ያለ መግቢያም አላት። «ቀለሟ የአመድ ነው፤ ታስጠላለች» አለችው ሰውየውን፣ ልቧ እንደከጀለ እንዳያውቅባት። ለገበያ እንዴት እንደሚኮረፍ እሷ ታውቃለች። ተከራከሩ፣ ተኮራረፉ፣ ተሳሳቁ፣ ተስማሙ።

የገና ገበያ ሳይደርስ ለጓደኛዋ ራሷ ደወለች። «የእህትሽን ልጅ ሌላ ቦታ ፈልጊላት» አለቻት። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ፈክቶ ነበር፤ ወዲያው ግን «መጀመሪያ ቀን አብረሽኝ ትመጫለሽ አይደል?» አለችኝ።

አብሬያት ሄድኩ። በሚቀጥለውም ቀን። ከዚያ ብቻዋን መሄድ እንደምትፈልግ ነገረችኝ፤ እኔም እሺ አልኩና ተደብቄ እከተላት ጀመር። ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ጊዜ አለኝ፣ በሩ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከአንድ ባሕር ዛፍ አጥር ጥግ ቆሜ አያታለሁ። ትደርሳለች፣ ትቆማለች፣ የፍሬኗን ምላስ ትገፋለች፣ እጇን ትለቃለች። እኔ ጎማውን አያለሁ። ጎማው ዝም። እሷ ግን ትቆያለች። ሌላው ሰው አማትቦ፣ ሰግዶ፣ ሦስት አራት ሰው አልፎ፣ እሷ ገና ዓይኗን አልገለጠችም። ቀን በቀን እንዲህ ነው። አቡነ ዘበሰማያት ይህን ያህል አይፈጅም፤ እኔም ልጅ ሆኜ ተምሬዋለሁ።

ውስጤ ያለችው ወይዘሮ ለምን ተነሳች። እነሆ አንድ ጠዋት አልቻልኩም፤ ከጥጌ ወጥቼ አጠገቧ ቆምኩ። ዓይኗን ስትገልጥ አየችኝ። አልደነገጠችም።

«እትዬ፣ እዚህ በር ላይ ይህን ያህል ምን እያልሽ ነው?»

«ይህን ለመጠየቅ ስንት ዓመት ፈጀብሽ!» አለች። «ሁሉን እየጠየቅሽ ይችን አንዷን ዘለልሽ።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «የቤቱን ሰው በየስሙ እጠራለሁ። እናታችንን፣ አባታችንን፣ ከዚያ ያለነውን። አንቺ መጨረሻ ነሽ።»

«ለምን መጨረሻ?»

«አንቺ ጋ ስደርስ ስለምቆይ ነዋ። ከዚህ በር ከቀረሽ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ እቆያለሁ።» የብስክሌቷን መሪ መታ መታ አደረገችው። «ያችኛዋ ይህን አልጠብቅም አለችኝ። ይቺ ግን ትጠብቀኛለች።»

በሩን አየሁት። ከስንት ጊዜ በኋላ ቀና ብዬ አየሁት። እትዬም አየችኝ።

«በይ፣ ተማሪዎችሽ ይጠብቁሻል» አለች። «ሱቁን ደግሞ ዛሬ የምከፍተው እኔ ነኝ። ከኋላዬ እየተደበቅሽ አትምጪ፤ በአጥሩ በኩል የማላይሽ መሰለሽ?»

የፍሬኗን ምላስ በአውራ ጣቷ ለቀቀቻት፣ ፔዳሉን መታች፣ ዳገቱን ተያያዘችው። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ሁለት እጇ መሪው ላይ እንዳለ ደወሏን ደወለችልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ተከትያት አላውቅም።